መጋረጃ የሌላት ሥዕል

የወለል ሰም ሽታ ባልጠበቅሁት ቦታ ሲያገኘኝ፣ የባንክ ደጅም ይሁን የጥርስ ሐኪም ኮሪደር፣ እግሬ ቀጥ ይላል። ከሰሙ ሥር ሌላም ሽታ አለ፤ የቀዘቀዘ ድንጋይ፣ የእርጥብ መወልወያ፣ እማዬ ቢጫ ጓንቷን ስታወልቅ የሚመጣው የጎማና የላብ ሽታ። ይህ ሁሉ ተደባልቆ ሲመጣ የሚታየኝ ያ ግንብና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ነው፤ ናቲ ገና በተወለወለው ወለል ላይ በካልሲው እየተንሸራተተ፣ ሳቁ እንዳይሰማበት አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ሲታገል። ይህን ሽታ የሚወዱ ሰዎች አሉ ይባላል። እኔ መስኮት እከፍታለሁ።

ግንቡ የሥዕል ሙዚየም ነበር። ድሮ ወርቅ ያበለጸገው አንድ ፈረንጅ ለራሱ መኖሪያ ያሠራው ቤተ መንግሥት ነው ይሉናል፤ ጎቲክ በሚሉት አሠራር፣ በጥቁር ድንጋይ፣ መስኮቶቹ ጫፋቸው የሾለ፣ ማማዎቹ ቀጫጭን፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ምላሳቸውን ያወጡ የድንጋይ አውሬዎች የተጎለቱበት። ሰውየው ሞቶ፣ ልጆቹም ተበታትነው፣ ቤቱ የሥዕል ማሳያ ሆነ። እማዬ የጎንደር ልጅ ናትና፣ የጽዳት ሥራ አግኝታ መጀመሪያ የገባች ዕለት ቀና ብላ አይታ «ወይ ጉድ፣ ፋሲል እዚህም ግንብ ነበረው እንዴ?» ማለቷን ለአባዬ ነግራው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ስሙ «ግንቡ» ሆኖ ቀረ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ነው። የምንኖረው ክረምቱ እንደ አገር ቤት በሰኔ በሚገባበት ፈረንጅ አገር፣ ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ መሥራቱን ትቶ መበላሸትን ሥራው ባደረገበት የመንግሥት ፍላት ነበር። አባዬ ክሬጊበርን አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ስለሚሠራ ቅዳሜ ጠዋት ገብቶ ይተኛል፤ እኛ ቤት ከዋልን ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያገኝም፤ ስለዚህ እማዬ እኔንና ናቲን አስከትላ፣ በባቡር ይዛን ሄዳ፣ ግንቡ ለሕዝብ ሳይከፈት ትገባ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ናቲ አምስት። የቤቱ ኃላፊ ሔለን የምትባል፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ረጅም ሴት ነበረች። «ጥሩነሽ» ማለት ስለከበዳት እማዬን «ቲሪ» ትላታለች፤ እኛን ስታይ ደግሞ ያላየች መስላ ታልፍና ብስኩት ደረጃው ላይ አስቀምጣልን ትሄዳለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለመናገር ስለሚከብደኝ ነው።

በዚያ በጋ መጨረሻ፣ በእኛ አገር ክረምቱ ገና ሩቅ በሆነበት በየካቲት አካባቢ፣ አንድ አዲስ ሥዕል ወደ ግንቡ መጣ። የጥንት ዕቃ ይሰበስብ የነበረ የአንድ ሟች ቤተሰቦች የሰጡት ነው አሉ። ያስቀመጡት ባለጸጋው ድሮ ለብቻው ይጸልይባት በነበረች፣ ባለቀለም መስታወት መስኮት ባላት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ረጅም የመስታወት ሳጥን አበጅተው ነው። እማዬ ባልዲዋን እየጎተተች ገብታ ቀና ስትል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከግራና ከቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው፣ በእንጨት ላይ በተሣሉ ትልልቅ ዓይኖቿ አየቻት። እማዬ መወልወያውን ለቀቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሥራ ጫማዋን ፈታች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ክፍል የምታጸዳው በባዶ እግሯ ነበር። ሔለን አንድ ጠዋት ደርሳባት፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ የሴፍቲ ጫማ ግዴታ ነው ብላ አስረዳቻት፤ እማዬም «የስ፣ የስ» ብላ በአክብሮት ሰማቻትና ሔለን ዞር ስትል መልሳ አወለቀች። እማዬን ያናደዳት ግን ሌላ ነገር ነው። በአገር ቤት ሥዕለ አድኅኖ መጋረጃ አላት፤ በጸሎት ሰዓት ይገለጣል፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ይሸፈናል፤ ስለት የተሳለ ሰው ስለቱ ሲሰምርለት መጋረጃ ያስገባል። እዚህ ግን ከራሷ በላይ አምፖል ተሰቅሎባት ቀንም ሌሊትም ይበራል። «ምን አደረገቻቸው?» ትለን ነበር ባቡር ውስጥ። «የሰው እናት እንዲህ መብራት ተለኩሶባት ገበያ መሐል ትቆማለች? ትንሽ እንኳ ፊቷን አያሳርፏትም?» ናቲ በእንግሊዝኛ ሥዕል እንቅልፍ አይተኛም ብሎ መለሰላት፤ እሷም በአማርኛ ዝም በል አለችው።

በልግ ሲገባ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የናቲ እግር ላይ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ። ግንቡ ውስጥ ሲንሸራተት ወድቆ ነው ብለን ተቆጣነው። ቀጥሎ አፍንጫው ይደማ ጀመር፤ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት ታከተው፤ ሊፍቱ ሲበላሽ አባዬ አዝሎት ይወጣ ነበር። ሆስፒታል ወስደውት ሲመለሱ አባዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ደሙ ታሟል» አለኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬም «ያ የደሙ ነገር» ነው የሚለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ እኔን ብቻ ይዛ ሄደች። በሩን መለስ አድርጋ፣ ባዶ እግሯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «እመቤቴ፣ ልጄን ማሪልኝ። ልጄን ከማርሽልኝ መጋረጃ አስገባልሻለሁ፤ ከዚህ መብራት እከልልሻለሁ።» ከዚያ ተነሥታ፣ ጓንቷን አድርጋ፣ ወለሉን ወለወለች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፤ የተዋዋሉት ሁለቱ ነበሩ፣ እኔ ምስክር ነበርኩ።

ያ ክረምት ዝናብና ሆስፒታል ነበር። የናቲ ፀጉር ትራሱ ላይ ቀርቶ ራሱ ልሙጥ ሲሆን፣ በመስታወት አይቶ «አሁን ጋሼ መኮንንን መሰልኩ» ብሎ አሳቀን። ጋሼ መኮንን ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ ራሳቸው መላጣ የሆነ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ሰምተው ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ከራሱ ጋር አጋጠሙለት። መድኃኒቱ አፉን አቁስሎት ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ግን ማናችንም አልቀለድንም። እማዬ ጠዋት ግንቡን ታጸዳለች፣ ከሰዓት ሆስፒታል ትቀመጣለች፣ አባዬ ከሺፍት ወጥቶ ቀጥታ ይተካታል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በር ላይ ነበር።

ጸደይ ላይ ሐኪሟ ደሙ ጠርቷል አለች። እማዬ ኮሪደሩ ላይ እልል ስትል ነርሶቹ ሰው ሞተ ብለው ሮጠው መጡ። ናቲ ቤት ገባ፤ ፀጉሩ እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ በቀለ፤ ፍላቱ ውስጥ ያሉ አበሾች ሁሉ ዶሮ ይዘው መጡ። እማዬም ውሎ ሳያድር ፉትስክሬይ ሄዳ ቀይ ከፋይ ጨርቅና ወርቃማ ዘርፍ ገዝታ መጣች። ሜትር የላትም፤ ግን የመስታወቱ ሳጥን ከናቲ ቁመት ጋር እኩል መሆኑን በዓይኗ ለክታ ነበርና፣ ጨርቁን ሳሎን ላይ ዘርግታ «ና፣ እዚህ ላይ ተኛ» አለችው። ናቲ እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳቁን ይዞ ተኛ፤ እሷም ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች በጠመኔ አሰመረች። ሲነሣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ እንደ ካህን እየተጎማለለ ቤቱን ዞረው። ተሰፍቶ ሲያልቅ በእርግጥ የሚያምር ነበር።

የቀረው ማስፈቀድ ብቻ መሰላት። መጋረጃውን በፌስታል ይዛ፣ ሔለን ፊት ቆመች፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሔለን ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ በጣም ቆንጆ ነው አለች፤ ለሚመለከታቸው አቀርባለሁ አለች። ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ፦ ሰው የሚመጣው ሥዕሏን ለማየት ነው፤ ሊሸፍኗት አይችሉም። እማዬ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሰው ሲመጣ ይገለጣላ! የሚሸፈነው ሰው ሲሄድ ነው በያት» አለችኝ። ይህንንም ነገርኳት። ሔለን ፈገግ አለች፤ የእንቢታ ፈገግታ መሆኑን ልጅ ብሆንም አወቅሁ።

አባዬ ነገሩ ቀላል መሰለው። «ቤተ ክርስቲያን አስገቢዋ፤ እመቤታችን አንድ ናት» አላት። ጋሼ መኮንንም ቡና ሊጠጡ መጥተው ይህንኑ ደገሙት፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል እንጂ አድራሻ አይጠይቅም አሏት። እማዬ አክብራቸው ዝቅ ብላ ነው የመለሰችው፦ «ጋሼ መኮንን፣ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ግን የተሳልኩት ፊቷ ቆሜ ነው። ከዚህ መብራት እከልልሻለሁ ያልኩት ለሌላ አይደለም፣ ለዚያች ነው። ሌላ ቦታ ወስጄ ብሰጥ እሷ ምን ትለኛለች?» ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ተስለው ከማይፈጽሙ ባይሳሉ ይሻላል ይላል መጽሐፉ» አሉ። ለማጽናናት ያሉት አይመስለኝም፤ እንደው ከአፋቸው ነው ያመለጣቸው። እማዬ ግን ያንን ቃል እንደ ድንጋይ ዋጠችው። መጋረጃው ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ነገ ዛሬ እየተባለ፣ ሔለን እንደገና እየተጠየቀች፣ በጋው አለፈ፣ በልጉም አለፈ።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ናቲ ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነው አልን። አንድ ማለዳ ጫማውን ላስርለት ጎንበስ ስል ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያንን ሰማያዊ ምልክት አየሁት፤ እማዬም ከበላዬ ቆማ አየችው። ወደ እሱ አልተመለከተችም፣ ወደ እኔም አልተመለከተችም፤ ፊቷን ያዞረችው ወደ ቁም ሣጥኑ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ልጅዋ የዳነው በብድር ነበር፣ እሷም አልከፈለችም።

ሆስፒታል በተኛ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስኩል ሆሊዴይ ስለነበረ፣ እማዬ እኔን ይዛ ግንቡ ገባች። ከመወልወያው በፊት ፌስታሉን ነው ያወጣችው። ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ የጠባቂው ወንበር ላይ ወጥታ የመጋረጃውን ገመድ አምፖሉ ከተሰቀለበት ብረት ላይ አሰረችው። ቀዩ ከፋይ ቁልቁል ወርዶ መስታወቱን ሁሉ ሸፈነው፤ ልኩ ነበር፤ ክፍሏ ድንገት ጨለም አለች፣ የቀረው ከመስኮቱ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበር። እማዬ ከወንበሩ ወርዳ ሰገደች። «ይኸው እመቤቴ» አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመንኩ። ለዚያች አፍታ ናቲ ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ሲጠይቅ ታየኝ።

ገመዱን ስታስር ክንዷ ሳጥኑን ነክቶት ኖሮ ደወሉ ጮኸ። ጠባቂው መጣ፤ ሔለን ካፖርቷን ሳታወልቅ መጣች፤ ሥዕሉ እንዳይጎዳ ብለው መጀመሪያ ያዩት ሥዕሉን ነው። ጠባቂው መጋረጃውን ሊያወርድ እጁን ሲሰነዝር እማዬ በመካከል ቆመች፤ አልጮኸችም። «ሊዲያ» አለችኝ፣ «አንድ ቃል ሳታስቀሪ ንገሪያት። ልጄ ሆስፒታል ነው በያት። ይህ መጋረጃ የእሱ ነው በያት። ለዘለዓለም አላልኩም፤ እሱ በእግሩ ቤቱ እስኪገባ ብቻ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ያውርዱት፣ እኔንም ያባርሩኝ። አሁን ካወረዱት ልጄ ይሞታል በያት።»

ነገርኳት። አንድ ቃል አላስቀረሁም። ሔለን መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጎንበስ ብላ እጄን ያዘችኝ። «አይ ካንት፣ ስዊትሃርት» አለችኝ፤ አልችልም ማለቷ ነው። ጠባቂው ገመዱን ፈታው። መብራቱ እንደገና ሥዕሏ ላይ ወረደ። መጋረጃውን ራሷ ሔለን በጥንቃቄ አጣጥፋ በሙዚየሙ ፌስታል ውስጥ ጨምራ ለእማዬ ሰጠቻት፤ ሥራውም በዚያው አበቃ። ዕቃ ነክቶ ደወል ያስጮኸን ሰው ከመባረር ማትረፍ ለሔለንም ከአቅሟ በላይ ነበር። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንሄድ እማዬ ጫማዋን አላሰረችም ነበር፤ ማሰሪያው ዝናቡ ውስጥ እየተጎተተ ነው የሄድነው።

ናቲ በፍልሰታ ጾም ሞተ። እማዬ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ቅዳሴ መውጫ እየዋለች፣ ከአልጋው ሥር እየሰገደች፣ የእመቤታችንን ስም እየጠራች ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው አልሠራም አለች፤ ይህንንም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ አባዬ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ቡክ እስኪያደርግ መጠበቅ አልቻለም ነበር። መጨረሻ ላይ ናቲ አማርኛ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ ከትምህርት ቤት ያመጣው እንግሊዝኛ ሁሉ ትቶት ሄደ። አባዬ ደረቱን እየደቃ ሲጮኽ ከሰማሁት ወዲህ የወንድ ልጅ ለቅሶ አይገርመኝም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሿ ሣጥን ላይ የሚለበስ ጥቁር ጨርቅ ተዘጋጅቶ ነበር። እማዬ በሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ ያንን የሙዚየም ፌስታል ይዛ ወደ ፊት ወጣች። ቄሱ አዩዋት፤ ጋሼ መኮንን ጠጋ ብለው ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾኩ፤ ቄሱም መንገድ ለቀቁላት። መጋረጃውን ዘረጋችው። ከራስጌ እስከ ግርጌ ልኩ ነበር፣ ወርቃማው ዘርፍ ብቻ በጎን ተንጠለጠለ። «ለእሷ ካልሆነ ለእሱ ይሁን» አለች። እኔ በዚያች ሰዓት የእመቤታችንን ሥዕል ጠላሁ፣ ሔለንን ጠላሁ፣ እማዬንም ጭምር ጠላሁ፤ ማንን እንደምመታ አላውቅም ነበር።

ሔለን ለቅሶ መጣች። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ደረጃውን ስትወጣ ቆይታ፣ አበባ ይዛ፣ ፊቷ ቀልቶ ገባች። እማዬ ፍራሹ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እህል እንድትቀምስ አዘዘች። ሔለን ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ አለቆቿን ለምና፣ ከእንግዲህ ግንቡ ሲዘጋ የዚያች ክፍል መብራት እንዲጠፋ አስፈቅዳለች፤ በየማታው ራሷ ታጠፋዋለች። ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ የሔለንን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «በያት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ፤ ቀጥላ፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ ሳይለይ፣ «አሁን?» አለች። እሱንም አስተረጎምኩት። ሔለን ሳህኑን እንደያዘች አለቀሰች።

እማዬና አባዬ አሁን ሴንት አልባንስ ሰፈር፣ ጓሮ ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እኔ ነርስ ሆኛለሁ። ያ በሽታ እንዴት እንደሚመለስ፣ መጋረጃም መብራትም ከደም ጋር እንደማይገናኝ እማዬን ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። እሷም በትዕግሥት ታዳምጠኛለች፤ «ገብቶኛል ልጄ፣ ተምረሻል፣ ልክ ነሽ» ትለኛለች፤ ሻይዋን ትጠጣለች፤ ከዚያ ወደ ጓሮው እያየች «እኔ ግን ዘገየሁ» ትላለች። ከዚህ ቃል የሚያወጣት መድኃኒት እስካሁን አላገኘሁም።

በዓመት አንዴ፣ በፍልሰታ ሰሞን፣ ለብቻዬ ወደ ግንቡ እሄዳለሁ። ሔለን ጡረታ ወጥታለች። ሰምና ድንጋዩ እንደዚያው ይሸታል። እመቤታችን አምፖሏ ሥር ቆማለች፤ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሷታል፤ ሲመሽ ማን እንደሚያጠፋላት፣ ጭራሽም የሚያጠፋ መኖሩን፣ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ በእማዬና በሔለን መካከል ቆሜ የተባለውን ሁሉ፣ የሚያደማውን እንኳ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስ ነበር። ቃሉን በትክክል ካደረስኩ ናቲ የሚድን ይመስለኝ ነበር። አሁን ቃል ማንንም እንደማያድን አውቃለሁና እንደዚያ አልጠነቀቅም።

ባለፈው ዓመት ከዚያ ስመለስ እማዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች። የት እንደዋልኩ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ልብሴን ስታሸት ታውቃለች።

«እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ሸፍነዋታል እማዬ» አልኳት። «ቀይ መጋረጃ አድርገውላታል። ሰው ሲመጣ ይገልጡታል፣ ሲሄድ ይመልሱታል።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። አምናኝ ይሁን አውቃብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ልጇንስ?» አለችኝ።

«ልጇንም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።